የጓሳው ሜዳ ሁለት ቀበሮዎች

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ልጄ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብቼ ወደ ደሴ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሳይጨርስ ድንገት ቆመ። አንድ አውሬ መኪና ገጭቶት መንገዱ መሐል ተዘርግቷል። ሹፌሩ ወርዶ ወደ ዳር ጎተተውና እጁን በሱሪው እየጠረገ ተመለሰ።

"ቀይ ቀበሮ ናት፤ ምስኪን" አለ።

ከፊት የተቀመጠ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ በመስኮት ፎቶ አነሳ። "ይቺ እኮ እየጠፋች ያለች ናት" አለ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ።

እኔም በመስኮቱ አየሁት። ጀርባው አመድማ ነው፤ እግሩም አጭር ነው። "ቀይ ቀበሮ አይደለም" አልኩ። "ተራ ቀበሮ ነው። ቀዩ እግሩ ረጅም ነው፤ ጉሮሮው ሥርም ነጭ ነው።"

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። "እማማ፣ በምን አወቁ? ቀበሮ ያረቡ ነበር እንዴ?"

ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። የኮምቦልቻ ሙቀት ከኋላችን ቀርቶ የደሴ ብርድ በመስኮቱ መግባት ጀምሯል፤ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤቴ እስክገባ ድረስ የማስበው ስለ አንድ የመኸር ወቅት ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ማንም አልወቀሰኝም። ግን ጎረቤት ሲመጣ እናቴ ወሬውን ከእኔ ላይ እንዴት እንደምታርቀው አያለሁ፤ እሱ ከወቀሳ ይከብድ ነበር። መስከረም ሲያልቅ "አጎትሽ ዘንድ ሂጂ፣ መኸሩን ታግዣቸዋለሽ" ብላ ላከችኝ።

አጎቴ ይመር የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤታቸው ከኩታበር ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ከተወጣ በኋላ የሚገኝ ደጋ ላይ ነው። እስከ ኩታበር እህል በጫነ መኪና ላይ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር በእግሬ ወጣሁት። በመንገድ ላይ የባቄላ እሸት ሰጥተውኝ እየፈለፈልኩ ነው የሄድኩት። ያን እሸት አሁንም ድረስ አልረሳሁትም፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ ምግብ ሲጣፍጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከአጎቴ ቤት በላይ እርሻው ያበቃና ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር ይጀምራል። ሰዉ ቤቱን የሚከድነው፣ ገመዱንም የሚገምደው በዚያ ሣር ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ሙሉ ይጨሳል። ያንን ሜዳ ስትረግጡት መሬቱ ከሥር ባዶ ይመስላል፤ አይጥና ፍልፈል ውስጥ ለውስጥ ቆፍሮ ስለጨረሰው ነው።

በዚያ ዓመት መስፍን የሚባሉ የኮሌጅ መምህር ከአጎቴ አጥር ግቢ ድንኳን ተክለው ነበር። በሜዳው ላይ ሁለት ዓይነት ቀበሮ ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮና ተራ ቀበሮ። ሁለቱ ምን እንደሚበሉ፣ በምግብም ይሻሙ እንደሆነ ማጥናት ነበር ሥራቸው። አጎቴ ይህን መጀመሪያ ሲሰሙ፣ "ልጄ፣ ለዚህ ብለህ ዓመት ሙሉ ብርድ ላይ ከምትቀመጥ እኔን ብትጠይቀኝ በአንድ ምሳ እጨርስልህ ነበር" ብለዋቸው ኖሯል።

መምህሩ የእጅ ጽሑፌን አይተው ሥራ ሰጡኝ። ሥራው ይህ ነው፦ በየመንገዱና በየድንጋዩ ላይ የቀበሮ ኩስ እየፈለጉ መሰብሰብ፤ እያንዳንዱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ የየትኛው ቀበሮ እንደሆነ፣ የትና በየትኛው ቀን እንደተገኘ መጻፍ፤ ከዚያ በወንፊት ላይ በውሃ ማጠብ፤ የቀረውን አድርቆ በወረንጦ አንድ በአንድ መለየት።

የአጎቴ ሚስት እትዬ ከድጃ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ያ አላህ! ሴት ልጅ ተምራ ተምራ የቀበሮ አር ታጥባ! ምነው፣ ጭራሽ ባትማሪስ?" ቀበሮን በርኩስነቱ ከውሻ ለይተው አያዩም፤ ወንፊቱና ባልዲው ከግቢው በር እንዲያልፍ አልፈቀዱም። እኔም እጄን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ካልታጠብኩ ወደ ምግብ አልቀርብም። ቆመው ይቆጥሩ ነበር። አምስት ላይ ካቆምኩ "ሁለት ይቀርሻል" ይሉኛል፤ ምድጃ ላይ ሆነውም ቢሆን ቁጥሩ አይጠፋቸውም።

ሥራውን ወደድኩት። ፈተና የወደቀ ሰው፣ በእጁ ይዞ የሚያውቀው ነገር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የቀይ ቀበሮው ታጥቦ ሲያልቅ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው የአይጥ ጥርስ ነው፤ ትናንሽ፣ ቢጫ፣ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የታጠፉ። አልፎ አልፎ የፍልፈል ትልቅ ጥርስ ይገኝበታል። ሌላ የለም ማለት ይቻላል። የተራው ቀበሮ ግን ከገበያ የተመለሰ ዘንቢል ነው፤ የአይጥ ጥርስ፣ የገብስ ቅርፊት፣ የጢንዚዛ ክንፍ፣ ላባ፣ የበግ ፀጉር፣ አንድ ቀንማ የላስቲክ ጫማ ቁራጭ። ስለዚያ ጫማ መንደሩ ለሳምንት ሳቀ።

"ቀይ ቀበሮዋ አይጥ ካጣች የምትበላው የላትም" አሉኝ መምህሩ። "ያኛው አይጥ ቢያጣ ሌላ አለው። ችግሩ፣ እሱም አይጥ መብላቱ ነው።"

ይህንኑ በዓይኔም አየሁት። በሜዳው ጫፍ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ቀይ ቀበሮዋ ጎሬ ነበራት፤ ቡችሎችም ነበሯት። ሦስት ይሁኑ አራት አልተለዩኝም። እናቲቱ ጠዋት ብቻዋን ወጥታ በሣሩ ውስጥ በሆዷ ትሳባለች፤ ትቆማለች፤ ጆሮዋን ወደ መሬት ታደርጋለች። አንድ አይጥ ለመያዝ ረጅም ጊዜ ይወስድባታል። አንድ ቀን ስትቆፍር ተራ ቀበሮ መጣ፤ ፊቷን አዙራ አባረረችው። ከዚያ ሦስት ሆነው መጡ። ትንሽ ቆመች፤ ጉድጓዱን ትታላቸው ሄደች። የጀመረችውን እነሱ ጨረሱት።

ተራ ቀበሮዎቹ ለምን ያንን ያህል እንደበዙ መምህሩ ጠይቀውኝ ነበር። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። በእኛ ዘንድ ቢላዋ ሳይደርስለት፣ ቢስሚላህ ሳይባልበት የሞተ በግ በክት ነው፤ አይበላም። በበሽታ የሞተውም፣ አውሬ የጣለውም ተጎትቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይጣላል። ተራ ቀበሮ ከዚያ ይበላል፤ ጠግቦም ወደ ሜዳው ይወጣል። መምህሩ ያን ቀን አንድ ነገር አስተማሩኝ። ከኩሱ ውስጥ ከፀጉር ጋር ትናንሽ ቡናማ ቅርፊቶች፣ እንደ ገብስ ፍሬ ያሉ ባዶ ቅርፊቶች ከተገኙ የዝንብ ትል ቅርፊት ነው አሉኝ፤ ሥጋው ሲበላ ቀድሞ ሞቶ የሰነበተ ነበር ማለት ነው። እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

በኅዳር ወር በአንዱ ረቡዕ መምህሩ ወረቀትና ጋዝ ለመግዛት ደሴ ወረዱ። ሰኞ እንደሚመለሱ ነግረውኝ ሥራውን ለእኔ ተዉልኝ።

በማግስቱ ሐሙስ የአጎቴ ገብስ ይወቃ ነበር። ምሳ ወደ አውድማው ወሰድን፤ የገብስ ቂጣ በተልባ። ወንዶቹ በጭዱ ላይ ተቀምጠው እየበሉ ሳለ ሰይድ የሚባል ጎረቤት ወደ እኔ ዞረ። ሰይድ በዚያ ክረምት አራት በግ አውሬ ጨርሶበታል፤ ቀልዱ ሁሉ ምሬት ነበረው።

"አንቺ የቀበሮ ሐኪም! እስቲ ፍረጂ፤ በጎቼን የበላው የትኛው ነው?"

"ተራው ነው" አልኩ።

"ቀዩስ? ቀዩ ጾመኛ ነው?"

ሳቁ። አጎቴ ቂጣቸውን አስቀመጡ። "ቀዩ አይጥ ነው የሚበላ። አባቴም ይህንኑ ነው የሚሉ። አይጡን ባይጨርስልን ይህን ገብስ የምንወቃ ይመስልሃል?" ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ያንን ጎሬ እንዳይነካ ያደረጉት እሳቸው ነበሩ።

"እኔ የጠየቅኩት እሷን ነው" አለ ሰይድ። "እሷ ናት የተማረች።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን በዚያ ዓመት "የተማረች" ያለኝ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ።

"ትናንት በአንድ ከረጢት ውስጥ" አልኩ፣ "የቀይ ቀበሮ በሆነው ውስጥ፣ የበግ ፀጉር አግኝቻለሁ። ጽፌዋለሁ።"

ሳቁ ቆመ። አጎቴ አዩኝ። "እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

ውሸት አልነበረም። ፀጉሩ ነበረ።

"እንግዲህ ከተጻፈ እኔ ምን እላለሁ" አሉ አጎቴ። ሐቀኛ ሰው ስለነበሩ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። ወንዶቹ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎሬው ሊወጡ እዚያው ተስማሙ፤ አጎቴም አብረው ሊሄዱ ቃል ሰጡ።

አርብ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ፤ ሐሳቤ ግን ሐሙስ የተናገርኩት ላይ ነበር። ያንን ከረጢት ከሣጥኑ አወጣሁና በወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ፀጉሩን በወረንጦ ለየሁት። ከፀጉሩ መሐል ቡናማ ቅርፊት አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያም ብዙ። መጀመሪያ ስለየውም አይቼዋለሁ፤ የገብስ ቅርፊት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን አንዱን በጥፍሬ ጫንኩት፤ ባዶ ነው። ቀይ ቀበሮዋ በግ አልገደለችም። አይጧን ተሻምተው ሲወስዱባት እሷም ወደ ገደሉ አፋፍ ወርዳ ከበክቱ በልታለች። የሆነው ይህ ነው።

አጎቴ ከጁምዓ ሲመለሱ ጠበቅኳቸው። ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሰይድና ሌላ ሰው አብረዋቸው ነበሩ፤ ስለ ነገው ያወራሉ። ከአጥሩ አጠገብ ቀረብኩ።

"አጎቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።"

"ተናገሪ፣ ልጄ።"

ሰይድ ቀደመኝ። "ደግሞ ምን አገኘሽ? የዚያን የላስቲክ ጫማ ሌላውን እግር?"

ሦስቱም ሳቁ። አጎቴም ሳቁ፤ ክፋት አልነበረበትም። እኔ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። አሁን ተሳስቻለሁ ብል፣ አጎቴ በሰው ፊት በእኔ ቃል የተዉትን አቋም እንደገና ሊያነሱ ነው፤ ሰውም "የእህትህ ልጅ ቅርፊት አይታ ሐሳቧን ለወጠች" ሊላቸው ነው። እንዲህ አስቤ ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ። እውነቱ ግን ከዚህ ያንሳል። በፈተና ወድቄ ነበር፤ እንደገና ወደቀች እንዳልባል ፈራሁ።

"ምሳ ቀርቧል ልልዎ ነው" አልኩ።

ቅዳሜ ስነሳ አጎቴ ሄደዋል። ረፋድ ላይ ከአውድማው ሆኜ በሜዳው ጫፍ ጭስ አየሁ። እርጥብ ገለባ የጎሬው አፍ ላይ አንድደው፣ ከዚያ ቀዳዳውን በድንጋይ ነው የዘጉት። እትዬ ከድጃ አጠገቤ ቆመው አዩ። "ጨረሱ" አሉ። ያን ቀን እጄን ስታጠብም አልቆጠሩልኝም።

እሑድ ወደ ሜዳው ወጣሁ። እናቲቱ በጭሱ ሰዓት ውጭ ለአደን ሄዳ ኖሯል። በድንጋዩ ክምር ላይ ቆማ በፊት እግሯ ትቧጭራለች። ቆም ትላለች፤ አይጥ ስታድን እንደምታደርገው ጆሮዋን ዝቅ ታደርጋለች። እንደገና ትቧጭራለች። ደብተሬን አውጥቼ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ ሥራዬ እሱ ነበርና።

ሰኞ መምህሩ ተመለሱ። አጎቴ ራሳቸው ነገሯቸው፤ አልደበቁም። መምህሩ ከረጢቱን ጠየቁ። ላዩ ላይ በእኔ ጽሑፍ "ቀይ ቀበሮ፤ የበግ ፀጉር" ይላል። ይዘቱን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ፤ በጣታቸው አንድ ጊዜ ገለጥ አደረጉት፤ ከዚያ መዳፋቸውን ለአጎቴ ዘረጉ።

"ይህ የትል ቅርፊት ነው፣ አባባ። የበላችው በክት ነው። እናንተ የጣላችሁትን ነው።"

አጎቴ ጎንበስ ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም።

"አላወቅሽም፣ ልጄ" አሉኝ። "አብሽሪ። ከየት ታውቂዋለሽ?"

መምህሩ አዩኝ። ስለ ቅርፊቱ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩትም ያውቃሉ። ምንም አልተናገሩም። እኔም ምንም አልተናገርኩም።

እናቲቱ እስከ ረቡዕ ተመላለሰች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ሳምንት ሳይሞላ እሷ ታድንበት የነበረው ቦታ ላይ ተራ ቀበሮዎች በቀን ብርሃን ይቆፍሩ ጀመር፤ ሰይድም አምስተኛ በጉን አጣ። ስለ ቀበሮ ግን ከዚያ ወዲህ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

አጎቴ ከዚያ ወቅት ጀምሮ በክት አፋፍ ላይ መጣል ተዉ። በግ ሲሞት ወገብ ድረስ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል። የራሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ሲሞትበትም አካፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በደጋ ላይ ያ መሬት ድንጋይ ነው። ሰው በመንገድ ሲያልፍ "አባ ይመር፣ የዛሬው ጀናዛ የማን ነው?" እያለ ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ይቆፍራሉ። በክቱን ካላቋረጥንበት ተራው ቀበሮ አይሄድም፤ ሜዳውን ለቀዮቹ ካልለቀቀ የሄዱት አይመለሱም ይሉ ነበር።

እኔ በገና ሰሞን ወደ ደሴ ተመለስኩ። በዓመቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። አጎቴ በየዓመቱ ባቄላ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ተቀምጠን ስንጫወት ነገሩ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቷል። ዛሬ ደክሟቸዋል እላለሁ፤ ዛሬ ሰው አለ እላለሁ። በመጨረሻ ሕመማቸውም ሄጄ አንድ ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ስለ ዝናቡ ነው ያወራነው።

ከሚኒባሱ ከወረድኩ ከጥቂት ቀን በኋላ ለሐዋ ደወልኩላት። ሐዋ የአጎቴ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና ዳዴ የምትል ሕፃን ነበረች፤ አሁን እዚያው ኩታበር የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ሰላምታውን ጨርሰን አንድ ነገር ልንገርሽ አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት፤ አርብ ጠዋት ማወቄን፣ አጥሩ ጋ ቆሜ ምሳ ቀርቧል ማለቴን።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "አባባ እኮ ሰው ባንቺ ሲያሳብብ ይቆጡ ነበር። 'ልጅቱ አላወቀችም' ይሉ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ።"

"አውቃለሁ።"

"ኋላ ብትነግሪያቸውስ ምን ይለወጥ ነበር? ቡችሎቹ እንደሁ አይነሱ።"

"ቡችሎቹማ አይነሱም" አልኩ። "ጉድጓዱን ግን ብቻቸውን አይቆፍሩም ነበር።"

ሐዋ ጉልበቴን እንዴት አድርጎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ደህና ዋይ ተባብለን ዘጋን።

በእኛ ሰፈር ስለ እኔ ሲወራ "ዘሀራ ዝምተኛ ናት፤ አፏ ሰው አይጎዳም" ይላሉ። በምስጋና ነው የሚሉት፤ አንዳንዴም እኔው እየሰማሁ ነው። አላህ ይስጥልኝ እላለሁ፤ ወደ ቤቴም እገባለሁ።